ፍሬቻ በመንጃ ፈቃድ ፈተና እና በዕለት ተዕለት መንዳት፦ መቼ ይበራል፣ መቼ ይጠፋል

ከኋላ የሚከተል ሚኒባስ፣ በቀኝ በኩል የሚሾልክ ባጃጅ፣ ዜብራ ጫፍ ላይ ቆሞ የሚያመነታ እግረኛ፣ ሁሉም ሾፌሩ ምን እንዳሰበ ማወቅ የሚችሉት ከፍሬቻው ብቻ ነው። ፍሬቻ ሥራውን ሠራ የሚባለው ደግሞ መሪው ከመዞሩ በፊት ሲበራ፣ ለሚያየው ሰው አንድ ትርጉም ብቻ ሲሰጥ እና ነገሩ ሲያልቅ ሲጠፋ ነው። ተፈታኝን የሚጥለውም፣ መንገድ ላይ የሚያጋጨውም ከእነዚህ አንዱ መጉደሉ ነው።

የሚከተለው ሁሉ በቀኝ በኩል ለሚነዳበት መንገድ ነው። ኢትዮጵያ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ ትነዳለች። ይህን ማንሳት ያስፈለገው ለፈተና የሚዘጋጁ ብዙ ሰዎች ከእንግሊዝ፣ ከህንድ ወይም ከኬንያ የተቀረጹ የማስተማሪያ ቪዲዮዎችን ስለሚያዩ ነው። በእነዚያ አገሮች የሚነዳው በግራ ነው፤ የአደባባዩ ዙረትም የፍሬቻው ቅደም ተከተልም ከእኛ ጋር ተገላቢጦሽ ነው። ከዚያ የተማሩትን እንዳለ ይዞ ፈተና መግባት ስህተት ያመጣል።

እጀታውን በጣት ማወቅ

መሪያቸው በግራ የተሠራ አብዛኞቹ መኪኖች የፍሬቻ እጀታቸው ከመሪው በስተግራ ነው። ወደ ላይ ሲገፋ ቀኝ፣ ወደ ታች ሲሳብ ግራ ይበራል። ይህን በቃል መያዝ አያስፈልግም፤ እጀታው የሚሄደው መሪው ወደሚዞርበት ነው። መሪውን ወደ ቀኝ ሲያዞሩ ግራ እጅዎ ወደ ላይ ይወጣል፣ እጀታውም አብሮ ወደ ላይ።

ከቀኝ መሪ ወደ ግራ መሪ ተቀይረው የገቡ የጃፓን መኪኖች ላይ ግን እጀታው በቀኝ በኩል እንደነበረ ቀርቶ ሊገኝ ይችላል፤ የዝናብ መጥረጊያው በግራ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ቀኝ ፍሬቻ የሚበራው እጀታው ወደ ታች ሲወርድ ነው። የቅድሙ ሕግ አሁንም ይሠራል፦ መሪውን ወደ ቀኝ ሲያዞሩ ቀኝ እጅዎ ወደ ታች ይወርዳልና። የተለማመዱበት መኪና እና የሚፈተኑበት መኪና የተለያዩ ከሆኑ ከመነሳትዎ በፊት ሁለቱንም አቅጣጫ አንዴ አብርተው ይፈትሹ። በጠራ ፀሐይ መሀል ዝናብ መጥረጊያ ሲወዛወዝ ካዩ ሾፌሩ የለመደው ሌላ መኪና ነው ማለት ነው።

እጀታውን ለመንካት እጅ ከመሪ አይነሳም። መዳፍ መሪውን እንደያዘ መሐል ጣት እና ሌባ ጣት ተዘርግተው እጀታውን ይገፋሉ። ዓይንም ወደ እጀታው አይወርድም። መኪናው ቆሞ ሳለ ዓይንን ጨፍኖ ቀኝ፣ ማጥፋት፣ ግራ፣ ማጥፋት እያሉ ሃያ ጊዜ ያህል መደጋገም ጣትን ያስለምዳል። ይህን ልምምድ የዘለለ ተፈታኝ መታጠፊያው ሲደርስ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ፍሬን እና ፍሬቻ በአንድ ጊዜ ይመጡበትና የሚዘነጋው ሁልጊዜ ፍሬቻው ይሆናል።

አሁን ብዙዎች የማያውቁት ግን ብዙ ስህተት የሚወለድበት ነገር። ፍሬቻ ራሱን የሚያጠፋው መታጠፉ ስላለቀ አይደለም። በመሪው ዘንግ ላይ ያለ ጥርስ ነው የሚያጠፋው፦ መሪው ፍሬቻው ከሚያሳየው በተቃራኒ አቅጣጫ በበቂ መጠን ሲዞር ጥርሱ እጀታውን ገፍቶ ወደ መሐል ይመልሰዋል። ሁለት ነገር ይከተላል። መሪው ትንሽ ብቻ በሚዞርበት ቦታ፣ ማለትም ረድፍ ሲቀይሩ፣ ከዳር ሲነሱ፣ ሰፊ ጥምዝ ላይ ሲታጠፉ፣ ፍሬቻው ራሱን አያጠፋም፤ በእጅ ማጥፋት የእርስዎ ሥራ ነው። በሌላ በኩል ገና ሳይታጠፉ መሪውን ለአፍታ ወደ ተቃራኒ ካዞሩ ያበሩት ፍሬቻ ሳያውቁት ይጠፋል። አደባባይ እና ፓርኪንግ ላይ የሚያጋጥመው ይህ ነው፤ ወደ ኋላ እንመጣበታለን። ሞተር ሳይክል ላይ ደግሞ በአብዛኛው ራሱን የሚያጠፋ ነገር ጭራሽ የለም።

ስንት ሜትር ሲቀር?

ፍሬቻ በሜትር ብቻ ሲለካ ያሳስታል፤ በሰከንድ ማሰቡ ይሻላል። ከተማ ውስጥ መታጠፊያው ሊደርስ ቢያንስ 3 ሰከንድ ሲቀር፣ ፈጣን መንገድ ላይ 5 ሰከንድ ሲቀር ይብራ። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ3 ሰከንድ 25 ሜትር ይሄዳል። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 42 ሜትር ይሆናል። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 5 ሰከንድ ማለት 111 ሜትር ነው፤ በ100 ኪሎ ሜትር ደግሞ 139 ሜትር። ስለዚህ ከተማ ውስጥ «ከ30 እስከ 50 ሜትር ሲቀረኝ» ብሎ መያዝ ያስኬዳል፤ የአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ መውጫ ላይ ግን ያው 50 ሜትር ከ2 ሰከንድ በታች ነው፣ ከኋላ ያለው ሰው ሳይረዳዎት ፍሬን ረግጠዋል ማለት ነው።

ለመለካት ሰዓት አያስፈልግም። ጤነኛ ፍሬቻ በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ጊዜ ይበራል፤ ብዙውን ጊዜ 90 አካባቢ ነው። ስለዚህ አራት ወይም አምስት «ቲክ» ከሰሙ 3 ሰከንድ ሞልቷል። በአዳዲስ መኪኖች ላይ እጀታውን ነካ ሲያደርጉት ሦስት ጊዜ ብቻ በርቶ የሚጠፋ አሠራር አለ። ሦስት ብልጭታ 2 ሰከንድ ገደማ ነው። ረድፍ ለመቀየር አይበቃም፤ እጀታውን እስከ መጨረሻው ገፍቶ ማስቀመጥ ወይም ቀይረው እስኪጨርሱ በጣት ይዞ መቆየት ይሻላል።

አስቀድሞ ማብራት ጥሩ ነው ሲባል ግን በጣም ማስቀደም አይደለም። በቀኝ በኩል ሁለት ቅያሶች ተከታትለው ካሉ እና እርስዎ የሚገቡት በሁለተኛው ከሆነ፣ ከመጀመሪያው በፊት ቀኝ ፍሬቻ ካበሩ በመጀመሪያው ቅያስ አፍ ላይ የቆመ መኪና «ወደ እኔ ሊገባ ነው» ብሎ ይወጣብዎታል። እንዲህ ባለ ቦታ ፍጥነት ይቀንሱ፣ ፍሬቻውን ግን የመጀመሪያውን ቅያስ ማለፍ ሲጀምሩ ያብሩ።

ቅደም ተከተሉ

የትም ቦታ ቢሆን አካሄዱ አንድ ነው።

1. የመሐሉን ስፖኪዮ ይመልከቱ፤ ቀጥሎ በሚሄዱበት አቅጣጫ ያለውን የጎን ስፖኪዮ።
2. ፍሬቻ ያብሩ።
3. ፍጥነት ይቀንሱ፣ ማርሽ ይቀንሱ፣ ቦታ ይያዙ።
4. ስፖኪዮውን እንደገና አይተው ጭንቅላትዎን ዞር አድርገው ስፖኪዮ የማያሳየውን የትከሻ በኩል ይመልከቱ።
5. መሪ ያዙሩ።
6. ፍሬቻው መጥፋቱን ያረጋግጡ።

ከፍሬን በፊት ፍሬቻ የሚመጣበት ምክንያት አለ። የፍሬን መብራት «እየቀነስኩ ነው» ይላል እንጂ ለምን እንደሆነ አይናገርም። ከኋላ ያለው ሰው አስቀድሞ ፍሬቻ ካየ፣ ሲቀንሱ ምክንያቱን ያውቃል፤ ፍሬን ብቻ ካየ እርስዎን ለመቅደም ወደ ግራ ሊወጣ ይችላል፣ እርስዎም ወደ ግራ የሚታጠፉ ከሆነ ግጭቱ እዚያው ነው።

ፈታኙ አጠገብዎ ተቀምጦ የፍሬቻውን ድምፅ ይሰማል፤ የዓይንዎን እንቅስቃሴ ግን ላያይ ይችላል። ስለዚህ ስፖኪዮ ሲመለከቱ አገጭዎ ትንሽ ይንቀሳቀስ። ይህ ለማስመሰል አይደለም፤ ዓይን ብቻ የሚያዞር ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው የስፖኪዮውን ጠርዝ ነው።

ፍሬቻ ቅድሚያ አይሰጥም። ግራ ፍሬቻ አብርቶ ወዲያው መግባት የከተማችን ትልቁ በሽታ ነው። ፍሬቻው ሐሳብዎን ይናገራል፣ መንገዱ ነፃ መሆኑን የሚያረጋግጡት ግን በዓይንዎ ነው።

ከዳር መነሳት እና ዳር መያዝ

በቀኝ ጠርዝ ቆመው ሲነሱ ማርሽ ያስገቡ፣ ስፖኪዮ ይዩ፣ ግራ ፍሬቻ ያብሩ፣ በግራ ትከሻዎ ወደ ኋላ ይመልከቱ፣ እጅ ፍሬን ያውርዱ፣ ይውጡ። ፍሬቻውን ለመነሳት ዝግጁ ሲሆኑ ነው የሚያበሩት። ቀበቶ እያሰሩና ስልክ እያስቀመጡ ሁለት ደቂቃ የሚያበሩት ፍሬቻ የሚያልፈውን ሁሉ ያስበረግጋል፤ ቀስ በቀስም ማንም አያምነውም። ከዳር ሲነሱ መሪው የሚዞረው ትንሽ ስለሆነ ፍሬቻው አይጠፋም። ፈተና ላይ የመጀመሪያው ስህተት በተደጋጋሚ እዚህ ላይ ነው፦ ተፈታኙ ተነስቶ፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ግራ ፍሬቻው እየጮኸ መቶ ሜትር ይሄዳል።

ዳር ለመያዝ ቀኝ ፍሬቻ። «ዳር ይዘህ ቁም» የሚለው ትእዛዝ የሚመጣው በፈተናው መጨረሻ ነው፤ ተፈታኙ አለቀልኝ ብሎ ልቡ ይላላና ፍሬቻውን ረስቶ ይቆማል። የመጨረሻዋ ደቂቃም ትመዘናለች። ስፖኪዮ፣ ቀኝ ፍሬቻ፣ በቀኝ የሚሾልክ ሞተር አለመኖሩን ማየት፣ ማቆም፣ እጅ ፍሬን፣ ዜሮ ማርሽ፣ ከዚያ ፍሬቻ ማጥፋት።

ሕዝብ ለሚያመላልስ ሾፌር ይህ በቀን መቶ ጊዜ የሚደጋገም ነገር ነው። «ወራጅ አለ» የሚለው ድምፅ ሲሰማ መጀመሪያ የሚሄደው እግር ወደ ፍሬን ሳይሆን ጣት ወደ ፍሬቻ መሆን አለበት። በተባለበት ቅጽበት መቆም ካልተቻለ ወራጁ ሃያ ሜትር ይራመድ፤ ከኋላ ያለው ሞተረኛ ግን ሁለተኛ ዕድል የለውም።

ቀኝ መታጠፍ፣ ግራ መታጠፍ

ቀኝ መታጠፍ ቀላል ይመስላል። አስቀድመው የቀኙን ረድፍ ይያዙ፣ ቀኝ ፍሬቻ፣ ሁለተኛ ማርሽ፣ ወደ ጠርዝ ቀረብ ብሎ መዞር። አደጋው ከቀኝ ጎን ነው፦ በእርስዎ እና በጠርዙ መካከል ባጃጅ፣ ሞተር ወይም ብስክሌት ሊገባ ይችላል። በኮሪደር ልማት የተሠሩ መንገዶች ላይ ከመኪናው ረድፍ በስተቀኝ የብስክሌት መስመር ስላለ ሲታጠፉ ያንን መስመር ያቋርጣሉ፤ መሪ ከመዞሩ በፊት የቀኝ ትከሻ እይታ አይቀርም። ከዚያ ወዲያ የሚገቡበት መንገድ አፍ ላይ የሚሻገሩ እግረኞች አሉ። እነሱ ፍሬቻዎን አይተው ነው የሚወስኑት።

ግራ ሲታጠፉ ስፖኪዮ፣ ግራ ፍሬቻ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ መሐል መስመሩ መጠጋት። ከፊት የሚመጣውን እየጠበቁ ሲቆሙ ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ይቁሙ። ጎማውን አስቀድሞ ወደ ግራ አዙሮ የሚጠብቅ መኪና ከኋላ ከተገጨ በቀጥታ ከፊት ወደሚመጣው መኪና ነው የሚገፋው። ፍሬቻው እየጠበቁ ሳለ ይቆያል፤ ረጅም ስለሆነ ብለው አያጥፉት።

የትራፊክ መብራት ያለበት መስቀለኛ መንገድ ላይ ፍሬቻ የሚበራው ወደ መብራቱ ሲቀርቡ ነው። ቀይ ላይ ፍሬቻ ሳያበሩ ቆሞ አረንጓዴ ሲበራ ግራ ማሳየት ከኋላ የተሰለፈውን ሁሉ ማታለል ነው፤ አስቀድሞ ቢያውቅ ሌላ ረድፍ ይይዝ ነበር። ትራፊክ ፖሊስ ቆሞ የሚያሳልፍ ከሆነም ፍሬቻ ያብሩ፤ ወዴት እንደሚሄዱ ካላወቀ የትኛውን ረድፍ እንደሚለቅ አያውቅም።

መንገዱ ራሱ ሲጠማዘዝ ፍሬቻ አያስፈልግም። ሌላ ምርጫ የለምና የሚናገሩት ነገር የለም። መንገዱ ለሁለት ሲከፈል ግን፣ መሪው ብዙ ባይዞርም፣ የሚሄዱበትን ያሳዩ። አንድ ረድፍ አልቆ ወደ ሌላው ሲቀላቀሉም እንዲሁ።

አደባባይ

አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ አደባባዮች ፈርሰው በትራፊክ መብራት ቢተኩም ፈተና ላይም መንገድ ላይም ሰውን ግራ የሚያጋባው አሁንም ይኸው ነው። አራት መንገዶች የሚገናኙበትን አደባባይ ይያዙ። ዙረቱ ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ነው፣ ውስጥ ላለው መኪና ቅድሚያ ይሰጣል።

ወደ ቀኝ በመጀመሪያው መውጫ የሚወጡ ከሆነ፦ ከመግባትዎ በፊት ቀኝ ፍሬቻ፣ የውጭውን ረድፍ ይያዙ፣ እስከሚወጡ ፍሬቻው አይጥፋ።

ቀጥታ በሁለተኛው መውጫ የሚወጡ ከሆነ፦ ሲገቡ ፍሬቻ የለም። የመጀመሪያውን መውጫ አፍ ሲያልፉ ወዲያው ቀኝ ፍሬቻ፣ ከዚያ መውጣት። ብዙ ሰው ሲገባ ቀኝ ያበራል፤ መሪው ወደ ቀኝ ስለሚዞር ይመስላል። በመጀመሪያው መውጫ በኩል ለመግባት የሚጠብቀው ሾፌር ይህን አይቶ «ሊወጣ ነው» ብሎ ይገባል።

ወደ ግራ በሦስተኛው መውጫ ወይም ዞረው ወደመጡበት የሚመለሱ ከሆነ፦ ሲቀርቡ ግራ ፍሬቻ፣ የውስጠኛውን ረድፍ መያዝ፣ ከሚወጡበት በፊት ያለውን መውጫ ሲያልፉ ግራውን አጥፍቶ ቀኝ ማብራት፣ ስፖኪዮ እና ቀኝ ትከሻ አይቶ ወደ ውጭ ረድፍ መሻገር፣ መውጣት።

ቅድም ያልነው የመሪው ጥርስ ችግር የሚፈጥረው እዚህ ነው። ግራ ፍሬቻ አብርተው ወደ አደባባዩ ሲገቡ መሪው መጀመሪያ ወደ ቀኝ ነው የሚዞረው። በዚያ ቅጽበት ግራ ፍሬቻው ጠፋ ማለት ነው። ብዙ ተፈታኝ «አብርቼ ነበር» የሚለው እውነቱን ነው፤ አብርቶ ነበር፣ መሪው አጠፋበት። መፍትሔው ገብተው መሪውን ወደ ግራ መመለስ ሲጀምሩ ጆሮን ማቅናት ነው፤ «ቲክ» ካልተሰማ እንደገና ያብሩ። ከወጡ በኋላም ቀኝ ፍሬቻው አንዳንዴ አይጠፋምና ያረጋግጡ።

መውጫዎን ካለፉት አንድ ዙር ይጨምሩ። ፈታኝ ለተጨማሪ ዙር አይቀጣም፤ በውስጠኛው ረድፍ ሆኖ ድንገት ቀኝ ፍሬቻ አብርቶ ሁለት ረድፍ ለሚቆርጥ ግን ፈተናው እዚያው ሊያበቃ ይችላል።

ረድፍ መቀየር እና መቅደም

ረድፍ ሲቀይሩ አንድ ረድፍ በአንድ ፍሬቻ። ከግራ ጫፍ ወደ ቀኝ ጫፍ መሄድ ካስፈለገ አንዱን ተሻግረው ይረጋጉ፣ ስፖኪዮ እና ትከሻ እንደገና ያዩ፣ ከዚያ ሌላውን። የቀለበት መንገድ መግቢያ ላይ ሲቀላቀሉ ግራ ፍሬቻ እያሳዩ በመንገዱ ላይ ካለው ጋር ፍጥነት ያመሳስሉ፤ መውጫው ላይ ቀኝ ፍሬቻው ከመውጫ ረድፉ አስቀድሞ ይበራል፣ ፍጥነት የሚቀነሰው ግን ረድፉ ውስጥ ከገቡ በኋላ ነው።

ሲቀድሙ፦ ስፖኪዮ፣ ግራ ፍሬቻ፣ ትከሻ፣ መውጣት። ወደ ቀኝ የሚመለሱት የቀደሙት መኪና ፊቱ በሙሉ በመሐል ስፖኪዮዎ ሲታይ ነው፤ ያኔ ቀኝ ፍሬቻ። ከፊት ያለው መኪና ግራ ፍሬቻ ካበራ አይቅደሙት፤ ምን ማለቱ እንደሆነ ማወቅ አይቻልምና።

ይህ ወደ አገር አቋራጭ መንገድ ቋንቋ ያመጣናል። ከባድ መኪና ሾፌሮች ከኋላ ላለው በቀኝ ፍሬቻ «እለፍ»፣ በግራ ፍሬቻ «ቆይ፣ ከፊት መኪና አለ» የሚሉበት ልማድ አለ። ቅን ልማድ ነው፣ ብዙ ሰው ረድቷል። ነገር ግን ግራ ፍሬቻ «አትለፍ» ነው ወይስ «ወደ ግራ ልታጠፍ ነው»? ቀኝ ፍሬቻ «እለፍ» ነው ወይስ «ዳር ልይዝ ነው»? ከኋላ ያለው ሰው በእርግጠኝነት ሊያውቅ አይችልም። ሁለቱ ሰዎች የተለያየ ነገር ከተረዱ ዋጋው ሕይወት ነው። የፊተኛው ፍሬቻ ያዩትን ይጨምርልዎት እንጂ ያላዩትን አይተካልዎት፤ ጥምዝ ወይም ዳገት ጫፍ ላይ በሰው ምልክት ብቻ አይውጡ። ጀማሪ ከሆኑ ለሌላው እንዲህ ዓይነት ምልክት ባይሰጡ ይመረጣል።

ፓርኪንግ

በሁለት መኪና መሐል በቀኝ ጠርዝ ወደ ኋላ ገብቶ ለማቆም ክፍት ቦታውን ሳያልፉ ቀኝ ፍሬቻ ያብሩ፤ ከኋላ ያለው ተጠግቶ እንዳይዘጋዎት። ከፊተኛው መኪና ጎን ቆመው ኋላ ማርሽ ያስገባሉ፣ መሪውን ወደ ቀኝ አዙረው ይገባሉ፣ ከዚያ ወደ ግራ ይመልሳሉ። ወደ ግራ ሲመልሱ ቀኝ ፍሬቻው ይጠፋል፤ ያው ጥርስ ነው። አፍንጫዎ ገና መንገድ ላይ ስላለ እንደገና ያብሩት። ልክ ገብተው ሲጨርሱ ያጥፉ። በመፈተኛ ግቢው ውስጥ በየትኛው እንቅስቃሴ ላይ ፍሬቻ እንደሚጠበቅ ከፈተናው ቀን በፊት አሰልጣኝዎን በግልጽ ይጠይቁ።

ወደመጡበት ለመዞር፣ ዩ-ተርን በተፈቀደበት፣ ግራ ፍሬቻ እና የውስጥ ረድፍ፤ አካሄዱ ግራ እንደመታጠፍ ነው።

አራቱም ሲበሩ

አራቱን ፍሬቻ በአንድ ጊዜ የሚያበራው ባለ ሦስት ማዕዘን ቁልፍ የቆመና እንቅፋት የሆነ መኪና ምልክት ነው። መኪና ሲበላሽ፣ ጎማ ሲፈነዳ ይብራ፤ አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘኑም ከኋላ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። በድንጋይና በቅጠል ምልክት ያደረጉ ከሆነ ሲነሱ ድንጋዩን አንስተው ይሂዱ፤ ለሌሊት መንገደኛ የተረሳ ድንጋይ ከተበላሸው መኪና የባሰ ነው። ፈጣን መንገድ ላይ ከፊት ድንገት ሁሉም ሲቆም ለጥቂት ሰከንድ አራቱን ማብራት ከኋላ ያለውን ያነቃል፤ ከኋላዎ መኪና መጥቶ ሲቆም ያጥፉት።

እየሄዱ አራቱን ማብራት ግን ጉዳት አለው። መስቀለኛ መንገድ ላይ «ቀጥታ ነኝ» ለማለት የሚያበሩ አሉ፤ ከግራ የሚመጣው የሚያየው የግራውን መብራት ብቻ ነው፣ ከቀኝ የሚመጣው የቀኙን ብቻ፤ ሁለቱም ወደ እነሱ የሚታጠፉ ይመስላቸዋል። ቀጥታ ለሚሄድ ምልክቱ ፍሬቻ አለማብራቱ ነው። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድም እየነዱ አራቱን ማብራት የተለመደ ነው፤ ከኋላ ያለው የቆመ መኪና ይመስለዋል፣ ብዙ መኪኖች ላይ ደግሞ አራቱ በርተው ሳለ የመታጠፊያው ፍሬቻ አይታይም። ጉም ላይ የሚያስፈልገው አጭር መብራት፣ የጉም መብራት ካለ እሱ፣ እና ዝግ ያለ ፍጥነት ነው።

ፍሬቻው ሲታመም

ድንገት በእጥፍ ፍጥነት «ቲክቲክቲክ» ካለ በዚያ ጎን አንድ አምፖል ተቃጥሏል። ፍላሸሩ፣ ማለትም ፍሬቻውን የሚያብለጨልጨው ዕቃ፣ በአምፖሎቹ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ይለካል፤ አንዱ ሲጎድል ይፈጥናል። በተለመደው አሠራር የፊትና የኋላ የፍሬቻ አምፖል 21 ዋት፣ የጎኑ ትንሿ 5 ዋት ነው። በ21 ዋት ፋንታ ደካማ አምፖል ወይም ኤልኢዲ ሲገጠምም ያው መፍጠን ይመጣል፤ ለኤልኢዲ የሚሆን ፍላሸር ወይም መቋቋሚያ (ሬዚስተር) ያስፈልገዋል።

አምፖል ሲቀይሩ ቀለሙን ያዩ። የመብራቱ ሽፋን ነጭ ከሆነ አምፖሉ ራሱ ብርቱካናማ መሆን አለበት። ብርቱካናማው አምፖል የጎን ጥርሶቹ ፊት ለፊት ሳይሆኑ ትንሽ ተጠጋግተው ነው የተሠሩት፣ ከነጩ ቤት ጋር እንዳይለዋወጥ። አልገባ ካለ አይጫኑት፤ አምፖሉ የዚያ ቤት አይደለም። ቀለሙ የተላጠ አምፖል ነጭ ብልጭታ ይሰጣል፣ ቀን በፀሐይ ጭራሽ አይታይም።

መብራቱ በርቶ ሳይብለጨለጭ ከቀረ ፍላሸሩን ይጠርጥሩ። ጭራሽ ካልበራ መጀመሪያ ፊውዝ። አራቱ ሲበሩ ይሠራል፣ ግራና ቀኝ ግን አይሠራም ከሆነ ችግሩ ያለው በፍሬቻው የራሱ ፊውዝ ወይም በእጀታው ውስጥ ነው። ቀኝ ሲያበሩ የኋላው የማታ መብራት አብሮ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ማሳው፣ ማለትም መብራቱን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘው የኤሌክትሪክ መመለሻ ሽቦ፣ ላልቷል ወይም ዝጓል፤ የማሳውን ቡሎን ፈትቶ በብርጭቆ ወረቀት አጽድቶ መልሶ ማጥበቅ ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

ለፍተሻ ሁለተኛ ሰው አያስፈልግም። ሲመሽ መኪናውን ከግድግዳ ፊት ለፊት አቁመው አራቱን ያብሩ፤ የፊቶቹ ግድግዳው ላይ ይታያሉ። አዙረው ኋላውን ይድገሙ። ቀን ከሆነ የሱቅ መስታወት ይበቃል። ከዝናብ በኋላ በጭቃ መንገድ የሄደ መኪና ከሆነ ደግሞ መብራቱ ጤነኛ ሆኖ ሽፋኑ በጭቃ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ አድርገው ይነሱ።